ፖሊሲ ለመማር የትኛው ትምህርት ቤት ይሻላል?

በዚህ ሰሞን በደብዳቤም በሻይ ቤትም ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች መካከል አብላጫውን የያዘው የሁለተኛ ዲግሪ ነገር ሆኗል። ጠያቂዎቹ አንዳንዶቹ በዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ያሉ ተማሪዎች፥ የቀሩት ደግሞ በወረዳና በዞን መሥሪያ ቤቶች ሁለት ሦስት ዓመት ያገለገሉ ወጣት ሠራተኞች ናቸው። ጥያቄያቸውም ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ «የመንግሥት ፖሊሲ ለመማር አስቤአለሁና የትኛው ትምህርት ቤት ይሻለኛል?» የሚል ነው።

እኔ ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያኽል በምትርቀው በአዴት ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር አይደለሁም። ስለዚህ የመግቢያ ውጤትና የክፍያ ልክ የሚጠይቁኝን ወደየዩኒቨርሲቲው እልካቸዋለሁ። ይኸ በየዓመቱ የሚለዋወጥ ነገር ስለ ሆነ ከመጽሔት ገጽ ላይ ተነብቦ የሚታመን አይደለም። ዛሬ የምጽፈው ከዚያ ቀድሞ መታሰብ ስለሚገባው ጉዳይ ነው።

ጠያቂዎቼን መልሼ «ተምራችሁ ምን ልትሠሩበት ነው?» ስላቸው ብዙዎቹ «ለዕድገት» ይሉኛል። በዚህ ኑሮ ዕድገት መመኘት ነውር አይደለም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የአንድ አዲስ የዲግሪ ምሩቅ የመንግሥት መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ቢልም፥ የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ ቀድመውት እንደ ሄዱ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። ዳሩ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ዕድገቱን ሌላም ዲግሪ ሊያመጣው ይችላል። የአካውንቲንጉም፥ የማኔጅመንቱም፥ የፖሊሲውም ወረቀት በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ክብደቱ ብዙ አይለያይም። እንግዲህ የምትፈልጉት ዕድገቱን ብቻ ከሆነ ቅርብና ርካሽ የሆነውን ምረጡ፤ እዚህ ላይ ጊዜያችሁን አታጥፉ። ሌላ ነገር የምትፈልጉት ግን ከኔ ጋር ጥቂት ቆዩ።

በመጀመሪያ ስሙን እንለይ። በኛ ዘንድ «የሕዝብ አስተዳደር» እና «የሕዝብ ፖሊሲ» የሚባሉት ትምህርቶች እንደ መንታ ልጆች ይምታታሉ። ከሁለቱ ታላቁ አስተዳደሩ ነው። አሜሪካዊው ውድሮው ዊልሰን ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው ብዙ ዘመን አስቀድሞ፥ ገና መምህር ሳሉ፥ እ.ኤ.አ. በ1887 ስለ አስተዳደር ጥናት በጻፉት ጽሑፍ፥ የመንግሥትን ሥራ በሥርዓት ማካሄድ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን አስረድተው ነበር። በዚያው አገር በሲራኪውስ ዩኒቨርሲቲ የማክስዌል ትምህርት ቤት ይህንኑ ሙያ ለማስተማር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። ይህን ትምህርት ፈረንጅ አምጥቶ የጫነብን የሚመስላቸው ሰዎች አሉና ለነርሱ አንድ ነገር ላስታውስ፤ የኛው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው በዚያው እ.ኤ.አ. በ1924፥ በኛ አቆጣጠር በ1916 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ጥያቄውን ስንጠይቅ ከማንም ኋላ አልነበርንም።

የፖሊሲው ትምህርት ግን ታናሽ ነው። ሃሮልድ ላስዌል የተባለው ሊቅና ጓደኛው ዳንኤል ለርነር «የፖሊሲ ሳይንሶች» የሚል ርእስ ያለው መጽሐፍ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1951 ነበር። በትልልቆቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ራሱን የቻለ የፖሊሲ ዲግሪ የተስፋፋው ከዚያም ወዲህ ነው። ልዩነቱን በአጭሩ ለመናገር፥ አስተዳደር «የተወሰነውን ነገር እንዴት አድርገን በደንብ እንፈጽመው?» ብሎ ይጠይቃል። ፖሊሲ ደግሞ «ለምን ይህን ወሰንን? ሌላስ ምን መወሰን ይቻል ነበር? ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?» ይላል።

ይህ በወሬ ሲነገር ቀላል ስለሚመስል በምሳሌ ላሳያችሁ። ምሳሌዬንም ከቤታችን ደጅ አመጣለሁ።

በምዕራብ ጎጃም በቡሬ ከተማ አጠገብ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቋቁሟል። ከቡልቡላ፥ ከይርጋዓለምና ከባእከር ጋር በመጀመሪያ ከታቀዱት ከአራቱ አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የትም ይቋቋም የት መሬት ይፈልጋል፤ መሬቱ ላይ ደግሞ ገበሬ አለ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የካሣ ዐዋጅ ቁጥር 455፥ ምትክ መሬት ሳያገኝ ለዘለቄታው ለሚፈናቀል ገበሬ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢው በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ያዝዝ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካው ዐዋጅ ቁጥር 1161 ግን ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ገቢ ከፍተኛው ተመርጦ በ15 እንዲባዛ አደረገ።

አሁን እርሳስ አንሡ። አንድ ገበሬ በ5 ዓመት ውስጥ በተከታታይ 20 ሺህ፥ 24 ሺህ፥ 30 ሺህ፥ 36 ሺህና 40 ሺህ ብር አገኘ እንበል። በፊተኛው ዐዋጅ አማካዩ 30 ሺህ ስለሚሆን ካሣው 300,000 ብር ነው። በኋለኛው ከፍተኛው 40 ሺህ ስለ ሆነ ካሣው 600,000 ብር ይደርሳል። ገበሬው ያው፥ መሬቱም ያው፥ ገንዘቡ ግን እጥፍ ሆነ።

አስተዳደር የተማረው ባለሙያ ይህን ዐዋጅ ሲያገኝ የሚያስበው ስለ ዝርዝሩ ነው። የተነሺዎቹን ስም ማን ይመዘግባል? ገቢያቸው በምን ማስረጃ ይረጋገጣል? ገንዘቡ ዶዘሩ ከመምጣቱ በፊት በእጃቸው ገብቷል ወይ? ይላል። የሕግ ሰው ቅሬታው ወዴት ይቀርባል፥ በስንት ቀን ይወሰናል ይላል። የፖሊሲ ሰው ግን ከነዚህ ሁሉ ጀርባ ሄዶ «15 የተባለው ቁጥር ከየት መጣ? ለምን 12 ወይም 20 አልሆነም?» ብሎ ይጠይቃል። ካሣው እጥፍ ሲሆን የከተማው አስተዳደር በጀት ከየት እንደሚመጣ፥ በጀት ባይኖርስ መሬት መውሰድ ይቀንስ እንደ ሆነ ወይስ ክፍያ ይዘገይ እንደ ሆነ ያሰላል። ከዚያም አልፎ፥ ገንዘብ ይዞ የማያውቅ ገበሬ 600,000 ብር በአንድ ቀን ከሚሰጠው ይልቅ ምትክ መሬት ወይም ከፓርኩ ድርሻ ቢሰጠው በ10 ዓመት ውስጥ የት ይደርስ ነበር ብሎ ያነጻጽራል።

ሦስቱም ሥራዎች የከበሩ ናቸው። አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ የለውም። ይሁንና ሦስቱ በአንድ ትምህርት ቤት አይገኙም፥ ወይም በአንድነት ቢገኙ እኩል አይሠለጥንባቸውም። «የትኛው ትምህርት ቤት?» ከማለታችሁ በፊት ከነዚህ ጥያቄዎች ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣችሁ የትኛው እንደ ሆነ ለዩ የምላችሁ ስለዚህ ነው።

የኛ ጎጃም ለፖሊሲ ተማሪ ሌላም ትልቅ ትምህርት አለው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጁ በወረቀት ላይ ሲነበብ መልካም ነበር፤ የቆየውን የአሥራት ግብር ሽሮ፥ ብዙ ያገኘ ብዙ እንዲከፍል፥ ጥቂት ያገኘ ጥቂት እንዲከፍል የሚያደርግ ነው። ያረቀቁትም የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ዳሩ ግን የጎጃም መሬት ርስት ነው፤ አብዛኛውም ተለክቶ አያውቅም ነበር። የገበሬውን ገቢ ለመገመት ገማቾች ወደ ማሳው ሲመጡ፥ ባላገሩ ያየው የገቢ ግብር ሳይሆን ገመድ ነው። «ዛሬ ይለካል፥ ነገ ከርስታችን ነቅሎ ገባር ያደርገናል» ብሎ ሞጣና ዳሞት ላይ ተነሣ። ጦር ዘመተ፥ አውሮፕላንም ተላከ፥ ሰው አለቀ። በመጨረሻው ጠቅላይ ገዥው ከቦታቸው ተነሡ፤ የቆየው የግብር ውዝፍም ተማረ። መንግሥት ሊሰበስብ ያሰበውን ሳይሰበስብ የነበረውን መታመን አጣ።

አሁን ደግሞ ወደፊት 40 ዓመት እንለፍ። የአማራ ክልል በ1992 ዓ.ም. ባወጣው በዐዋጅ ቁጥር 46፥ ቀጥሎም በ1998 ዓ.ም. ባወጣው በቁጥር 133 መሠረት የገበሬው መሬት ሲመዘገብ፥ የነዚያው ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ማሳቸውን አስለክተው የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የተለጠፈበትን የይዞታ ደብተር ተቀበሉ። ገመዱ ያው ገመድ ነው። ልዩነቱ ምን እንደ ሆነ አስቡት። በፊተኛው ጊዜ ለኪው ከሩቅ የመጣ ሹም፥ ልኬቱም ለመውሰድ ነው። በኋለኛው ጊዜ ከቀበሌው ሕዝብ የተመረጠ ኮሚቴ በለካው ቦታ ቆሞ «ይህ የገሌ ድንበር ነው» ይላል፤ ልኬቱም ለመስጠት ነው። ከ1989 ዓ.ም. የመሬት ድልድል በኋላ «ነገ ደግሞ ይወሰድብኝ ይሆን» ብሎ ዋስትና የሚሻው ገበሬ በዝቶ እንደ ነበርም አይዘንጋ።

ይህን የምተርከው ታሪክ ለማስተማር አይደለም፤ ታሪክ የማስተምረው በትምህርት ቤት ነው። የምላችሁ፥ ልትገቡ ያሰባችሁበት የፖሊሲ ትምህርት ክፍል እነዚህን ሁለት ገመዶች አንሥቶ የሚያወያያችሁ መሆኑን ጠይቁ ነው። የካሊፎርኒያን የውኃ ሕግ አስተምሮ ስለ ርስት አንድ ቃል ሳይናገር የሚያስመርቅ ክፍል፥ በየትኛውም ከተማ ይሁን፥ ግማሽ ትምህርት ነው። በአንጻሩም ስለ ርስት ሲያወራ ከርሞ ቁጥር ማስላት ሳያስተምር የሚያስመርቅ ክፍል የቀረውን ግማሽ አጉድሏል።

እንግዲህ ወደ ትምህርት ቤቶቹ እንምጣ። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ አስተዳደርና በልማት አመራር ረጅም የማስተማር ልምድ አለው። ቤተ መጻሕፍቱና የቀድሞ ተማሪዎቹ የጻፉት የመመረቂያ ጽሑፍ ክምችት ብቻውን የሚያስቀና ነው። በ1987 ዓ.ም. ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሲቋቋም ጀምሮ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚልኳቸውን ሠራተኞች ለማስተማር የታሰበ ነው። ጥሩነቱ ከጎናችሁ የሚቀመጡት ተማሪዎች ናቸው፤ አንዱ ከሱማሌ ክልል የውኃ ቢሮ፥ ሌላው ከጋምቤላ የፋይናንስ መሥሪያ ቤት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከነርሱ ጋር በሻይ ሰዓት የሚደረገው ጭውውት ከአንዳንድ ኮርስ ይበልጣል።

ለኛ ቅርቡ ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱና የመምህራን ኮሌጁ ተዋሕደው የቆመ ሲሆን፥ ራሱን የቻለ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት አለው። እኔ እንደማስበው ከጎጃም የሚነሣ ወጣት «ፖሊሲ» የሚለውን ስም ብቻ ሲያሳድድ ይህን አልፎ መሄዱ ያሳዝናል። ስሙ ፖሊሲ አይባል እንጂ በኛ አገር ከመሬት የበለጠ ፖሊሲ የት አለ? በግብርናም በኩል እንዲሁ ነው። እዚሁ አዴት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል «ዘንገና» እና «ጓሳ» የተባሉ የድንች ዘሮችን አውጥቷል። ዘሩ ከምርምር ጣቢያው አጥር ወጥቶ በምን መንገድ፥ በማን እጅ፥ በስንት ብር ወደ ገበሬው ማሳ ይደርሳል የሚለው ጥያቄ የዘር ሳይንስ አይደለም፤ ፖሊሲ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ መጥተው አቤት ያሉትን የሰማ ሰው፥ የግዥና የስርጭት ጥናት ምን ያኽል የሕይወት ጉዳይ እንደ ሆነ አይስተውም።

በአገር ውስጥ ለመማር የምትሹ ሁሉ ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠውን ሀገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ታውቁታላችሁ። በርሱ ላይ ብዙ አልናገርም፤ ተዘጋጁ፥ ሒሳቡን አትናቁ።

ከዚህ የበለጠ መናገር የምፈልገው ስለ ውሉ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ ደመወዝ እየከፈለ ሲያስተምራችሁ የአገልግሎት ግዴታ ውል ያስፈርማችኋል። ይህን ወረቀት ሳያነብ በደስታ የሚፈርም ሰው ስንቱ ነው! ስንት ዓመት ታገለግላላችሁ? ባትመለሱ የምትከፍሉት ደመወዙን ብቻ ነው ወይስ ሌላም ይጨምራል? ዋስ የሚሆነው ማን ነው? ዋሱ የአጎታችሁ ልጅ ከሆነና ነገ እናንተ ብትቀሩ የርሱ ደመወዝ እንደሚያዝ አስባችኋል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ስትመለሱ የምትመለሱበት መደብ ከተማራችሁት ጋር የሚገናኝ መሆኑ ተጽፏል ወይ? ፖሊሲ ተምሮ ተመልሶ ንብረት ክፍል ውስጥ የሞዴል 19 ደረሰኝ ሲቆጥር የሚውል ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም፥ መሥሪያ ቤቱንም አልጠራም።

ወደ ውጭ አገር የምትመለከቱም ጥቂቶች አይደላችሁም። መንገዶቹ የተለያዩ ናቸው። የእንግሊዝ መንግሥት የቼቭኒንግ የትምህርት ዕድል ለአንድ ዓመት ሁለተኛ ዲግሪ ሲሆን፥ ከማመልከታችሁ በፊት የሁለት ዓመት ያኽል የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ከጨረሳችሁም በኋላ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ወደ አገራችሁ እንድትመለሱ ያስገድዳል። በጀርመን አገር በኤርፉርት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተው የቪሊ ብራንት የፖሊሲ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት በእንግሊዝኛ ያስተምራል፤ የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅትም በፖሊሲና በመልካም አስተዳደር ለሚማሩ የአፍሪካና የሌላም አገር ወጣቶች የሚሰጠው ዕድል አለ። በደቡብ ኮሪያም የልማት ኢንስቲትዩቱ የራሱ የፖሊሲ ትምህርት ቤት አለው። ኮሪያን በተለይ የማነሣበት ምክንያት አለኝ፤ ቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በ1951 ሲዘምትላት የፈራረሰች ድኻ አገር ነበረች። ዛሬ ተማሪዎቻችን ሄደው «እንዴት አደረጋችሁት?» ብለው መጠየቅ ቢፈልጉ ከመማሪያ ክፍሉ ውጭ ያለው ከተማ ሁሉ መማሪያ መጽሐፍ ነው።

የገንዘቡን ነገር ግን ቀድማችሁ አስሉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ነበር። የምንዛሪው ሥርዓት በዚያ ወር ከተለወጠ በኋላ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ሄደ። እንግዲህ 100 ዶላር የማመልከቻ ክፍያ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ቢኖር ለአንድ ቅጽ ብቻ ከወር ደመወዛችሁ ብዙውን መስጠታችሁ ነው። ክፍያውን የሚምር ትምህርት ቤት ብዙ ስላለ መጀመሪያ ጠይቁ። ለመጠየቅ የሚያፍር ተማሪ ሲገጥመኝ ይገርመኛል።

ባለፈው ወር አንድ የቡሬ ልጅ፥ እዚህ በወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ፥ ሁለት ወረቀት ይዞ መጣ። አንዱ ከአዲስ አበባ፥ በሕዝብ አስተዳደር፥ መሥሪያ ቤቱ ደመወዙን እየከፈለ የሚልከው ነው። ሁለተኛው በጀርመን አገር የሁለት ዓመት የፖሊሲ ትምህርት፥ ሙሉ ወጪው የተቻለለት፥ ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ ቦታውን የማይጠብቅለት ነው። እናቱ ብቻቸውን ናቸው፤ በየወሩ የሚልክላቸውም እርሱ ነው።

«አንተ ብትሆን የትኛውን ትይዝ ነበር?» አለኝ።

«ምን ልትጠይቅ ነው የምትማረው?» አልኩት።

ጥቂት ዝም ብሎ ስለ አጎቱ ነገረኝ። መሬታቸው ለመንገድ ተወስዶ ካሣ ተቀበሉ። ቤት ሠሩ፥ ልጅ ዳሩ፥ የቀረውን ለዘመድ አበደሩ። በሦስተኛው ዓመት ገንዘቡ አለቀና አሁን በአንድ መጋዘን ዘበኛ ናቸው። «ማንም አልሰረቃቸውም፤ ሕጉ ያለውን ሁሉ ሰጥቷቸዋል» አለ። «እንግዲያው ስሕተቱ የት ላይ ነው? እኔ ይህን ማወቅ ነው የምፈልገው» አለኝ።

እነሆ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። የዚህን መልስ አስተዳደር አይሰጠውም፤ አፈጻጸሙ ጉድለት አልነበረበትምና። እርሱም ደግሞ በመጀመሪያ ዲግሪው ማኔጅመንት ተምሮ ሦስት ዓመት በወረዳ ስለ ሠራ፥ ጽሕፈት ቤት እንዴት እንደሚሄድ ከብዙ መምህር ይልቅ ያውቃል። የጎደለው ኢኮኖሚክስና ስታቲስቲክስ ነው። አንድ መቶ ተነሺ ቤተሰቦችን ከአንድ መቶ ካልተነሡ ጋር አነጻጽሮ ካሣው ምን እንዳደረገ በአኃዝ ማሳየት አይችልም። የጀርመኑ ትምህርት ዝርዝር ይህን በግድ የሚያስተምር፥ ከሌላ አገር የመጡ፥ የራሳቸው ተፈናቃይ ያላቸው ተማሪዎች የሚገኙበት ነው። ስለዚህ በበኩሌ «የጎደለህን መሣሪያ ወዳለበት ሂድ፤ የመመረቂያ ጽሑፍህን ግን በቡሬ ላይ አድርገው» አልኩት።

የኢኮኖሚክስ መምህር የሆነው ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ ተቆጣኝ። «አንተ የሰው ቦታ አስለቅቀህ ትሰዳለህ! አዲስ አበባ ሆኖ ስታቲስቲክሱን በተጨማሪ ኮርስ መውሰድ አይችልም ወይ? ደግሞስ መረጃው ያለው እዚህ፥ አጎቱ ያሉት እዚህ፤ ከኤርፉርት ሆኖ ማንን ሊጠይቅ ነው? መንገዱ በተዘጋ ጊዜስ እናቱን ማን ይጎበኛቸዋል?» አለኝ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ ስንት ወጣት የማመልከቻ ቀን እንዳለፈበት እኔም አውቃለሁና የባልደረባዬ ቃል ቀላል አልሆነልኝም። ነገሩን ለልጁ ሁለታችንም ባለንበት ነገርነው። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ መስጠት አለበት። አሳቤን አልለወጥኩም፤ ሆኖም የእናቱን ጉዳይ እኔ ልመዝንለት የምችለው አይደለም።

ለሁላችሁም የሚጠቅመውን የአመራረጥ ዘዴ ግን ልንገራችሁ። ወደ ትምህርት ክፍሉ ስትጽፉ ወይም ስትሄዱ «ጥሩ ናችሁ ወይ?» አትበሉ፤ መጥፎ ነን የሚል የለም። ያለፉት ሦስት ዓመታት ተማሪዎች የጻፏቸውን የመመረቂያ ጽሑፎች ርእስ ጠይቁ። ርእሶቹ ሁሉ «የመልካም አስተዳደር ተግዳሮቶች፥ በገሌ ወረዳ» የሚሉ ብቻ ከሆኑ መምህራኑ ተማሪውን በጥያቄ አላስጨነቁም ማለት ነው። ከርእሶቹ አንዱን አንሥታችሁ ሙሉውን አንብቡ፤ ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ ተመልከቱ። ከዚያም ስታቲስቲክስና ኢኮኖሚክስ ግዴታ ናቸው ወይስ ምርጫ? መምህራኑ ከገጠር ወጥተው ያጠኑት ነገር አለ ወይ? ተማሪውስ ከመመረቁ በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ገብቶ የሚሠራበት ጊዜ ተመድቧል ወይ? ከሁሉም የሚበልጠው ግን፥ ከዚያ የተመረቀ ሰው ፈልጋችሁ ሻይ ጋብዙትና «ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገባ የምትሠራው ምንድን ነው?» በሉት። በዚህ አንድ ጥያቄ የምታገኙት መልስ ከትምህርት ቤቱ ባለቀለም መግለጫ ሁሉ ይበልጣል።

በሥራ ላይ ሆናችሁ በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ የምትማሩት ደግሞ አንድ የማይታያችሁ ጥቅም አላችሁ። ዐርብ ያያችሁትን ፋይል ቅዳሜ በክፍል ውስጥ ልታነሡት ትችላላችሁ። ከአዴት ባሕር ዳር ለቅዳሜ ትምህርት መመላለስ ግን፥ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ እንኳ፥ በጠዋቱ መኪና ለመሳፈር ገና ሳይነጋ መናኸሪያ መቆም ነው። ለሁለት ዓመት የሚችለው ይጀምረው።

በመጨረሻ ስለ ራሳችን፥ ስለ መምህራን፥ አንድ ልመና አለኝ። የድጋፍ ደብዳቤ እንድንጽፍላችሁ የምትፈልጉ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ስጡን፤ ከውጤታችሁ ወረቀት ጋርም የምትማሩበትን ጥያቄ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አያይዙ። ባለፈው ዓመት አንዱ የማለቂያው ቀን ዋዜማ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መጥቶ፥ መብራት ስላልነበረ ደብዳቤውን በሻማ ጻፍኩለት። አለፈለት፤ ተቀበሉት። ዘንድሮ ግን ሻማ ተወድዷል።